ከአዲስ አበባ ሆኖ የፊልም ቪዥዋል ኢፌክትስ ሙያ መያዝ፦ ከየት ልጀምር?

ፒክስል_ከሰሚት

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ፤ የምኖረው ግን በኤዲቲንግ ነው። ሰርግ፣ የባንክ ማስታወቂያ፣ አንዳንዴ ክሊፕ እሠራለሁ። አፍተር ኢፌክትስ በደንብ እችላለሁ፤ ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሶፍትዌርም ነካ ነካ አድርጌያለሁ። የልቤ ፍላጎት ግን ፊልም ነው። ሎጎ ማሽከርከር ሳይሆን፣ ተመልካቹ ሳያውቀው ፊልሙ ውስጥ የሚገባውን ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ።

የትኛውን ሶፍትዌር ልያዝ? ውጭ ሄዶ መማር ለሚወጣው ገንዘብ ያዋጣል? እዚሁ ሆኜስ የውጭ ሥራ ማግኘት እችላለሁ? ላፕቶፔ ራሙ 16 ጊጋ ነው፤ ሰፈራችን ደግሞ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

ኮምፕ_ቶሮንቶ

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ ቶሮንቶ ኮምፖዚተር ነኝ። አዲስ ሰው ሲፈለግ ሪል (የምርጥ ሥራ ማሳያ ቪዲዮ) ከሚያዩት አንዱ ስለሆንኩ ከዚያ ልነሳ።

ሶፍትዌሩን ለጊዜው እንተወውና የትኛውን ክፍል እንደምትፈልጊ ወስኚ። ብዙ ሰው ቪኤፍኤክስ (ቪዥዋል ኢፌክትስ) አንድ ሙያ ይመስለዋል። ትልቅ ስቱዲዮ ውስጥ ግን የካሜራውን እንቅስቃሴ አስልቶ የሚያወጣ ማችሙቨር አለ። ሰውን ከጀርባው ነጥሎ የሚቆርጥ የሮቶ ሠራተኛ አለ። ሽቦና ማይክ ከምስሉ ላይ የሚያጠፋ የፔይንት ሠራተኛ አለ። ሞዴል የሚሠራው፣ ሪግ የሚያደርገው (ሞዴሉ እንዲንቀሳቀስ አጥንት የሚያበጅለት)፣ አኒሜተሩ፣ እሳትና ውሃ የሚያስመስለው፣ ብርሃን የሚሰጠው ሁሉም ለየብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ይሄን ሁሉ በአንድ ካሜራ የተቀረጸ የሚያስመስለው ኮምፖዚተሩ ነው። ሪልሽ "ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እችላለሁ" የሚል ከሆነ፣ የሚያየው ሰው የት እንደሚያስቀምጥሽ ይጠፋዋል። ትንሽ ስቱዲዮ ግን ሁለገብ ሰው ይወዳል፤ ይሄም መንገድ ነው።

ከኤዲቲንግና ከአፍተር ኢፌክትስ ለመጣ ሰው ቅርቡ ኮምፖዚቲንግ ነው። ፊልም ላይ የሚሠራበት ኑክ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ለንግድ የማይውለው የኑክ እትም በነፃ ይወርዳል። ውጤቱ ከ1920 በ1080 አይበልጥም፤ ለልምምድ በቂ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ውስጥ ያለው ፊውዥንም እንደ ኑክ በኖድ (እያንዳንዱን ሥራ በሳጥን አስቀምጦ በመስመር በማገናኘት) የሚሠራ ነው፣ ከነፃው እትም ጋር አብሮ ይመጣል። ምስልን አንዱን በአንዱ ላይ ከሚደርበው ከአፍተር ኢፌክትስ ሌየር ወደ ኖድ መሻገር መጀመሪያ ያደናግራል፤ ከለመድሽው በኋላ ግን መመለስ አትፈልጊም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኔ ሪል ሳይ ቀድሜ የማየው ጥቁሩን ነው። የተጨመረው ዕቃ ጥላ ከዋናው ምስል ጥላ ጋር ይገጥማል ወይ? ቪውወሩ ላይ ጋማውን ከፍ አድርጊውና እዪ። የአንቺ ጥላ ከፕሌቱ (ከዋናው ቀረጻ) ከጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ በአንዴ ይታያል። ቀጥሎ ግሬኑን፣ ማለትም ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰውን ደቃቅ ነጠብጣብ፣ አያለሁ። ከዚያ ጠርዙን። ካሜራ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀርጽና ሸተሩ 180 ዲግሪ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፍሬም ለ1/48 ሰከንድ ብርሃን ይቀበላል። የሚወዛወዝ እጅ በዚያች ቅጽበት ውስጥ ይደበዝዛል። አንቺ በምላጭ የተቆረጠ የመሰለ ጠርዝ ከሰጠሽው ተለጥፎ ይታያል።

ይሄን ዓይን ሶፍትዌር አይሰጥሽም። ፎቶ በማንሳት ነው የሚመጣው። ጠዋት በደመና፣ ቀን በፀሐይ፣ ማታ በመንገድ መብራት አንድ ዕቃ እያነሳሽ ጥላው ምን እንደሚመስል እዪ።

ሪልሽ ከሁለት ደቂቃ አይለፍ። ምርጡ ከፊት ይሁን። በእያንዳንዱ ሾት ላይ አንቺ ምን እንደሠራሽ ጻፊ፤ በፊትና በኋላውንም አሳዪ። ሦስት የተጠናቀቁ ሾቶች ከአሥር ለብ ያሉ ሾቶች ይበልጣሉ።

ብሌንደር_ሀዋሳ

ስለ ሶፍትዌር ዋጋ አትጨነቂ ነው የምልሽ። ብሌንደር ነፃ ነው፤ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ክፍት ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. የኦስካርን የአኒሜሽን ፊልም ሽልማት የወሰደው የላትቪያው "ፍሎው" በብሌንደር ነው የተሠራው። አኒሜሽንና ቪኤፍኤክስ አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፣ ግን "በነፃ መሣሪያ ትልቅ ሥራ አይሠራም" የሚለው ወሬ ማብቃት አለበት።

ለመለማመጃ ፕሌት ችግር የለብሽም። የብሌንደር ፋውንዴሽን በ2012 እ.ኤ.አ. "ቲርስ ኦፍ ስቲል" የተባለ አጭር ፊልም ሠርቶ ነበር። ጥሬ ቀረጻውን ማንም እንዲጠቀምበት ለቆታል። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ አንድ ሾት ብቻ መርጠሽ አውርጂ፤ ሁሉንም ካልሽ ፓኬጅሽ በአንድ ቀን ያልቃል። ለብርሃን የሚሆኑ የኤችዲአርአይ ምስሎች ደግሞ ፖሊ ሄቨን ላይ በነፃ አሉ።

ስለ መብራቱ፦ በፍጹም በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሬንደር እንዳታደርጊ (ሬንደር ማለት የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ማውጣት ነው)። በፍሬም አውጪ፣ ኢኤክስአር ወይም ፒኤንጂ። ብሌንደር ላይ "ኦቨርራይት" የሚለውን ምልክት አጥፊው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ያንኑ ሬንደር ዳግም ስታስነሺ ያለቁትን ፍሬሞች ዘሎ ከቆመበት ይቀጥላል። አንድ ነገር ብቻ፦ መብራቱ ሲጠፋ እየተጻፈ የነበረው የመጨረሻው ፍሬም ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ሰርዢና ነው የምትጀምሪው። ማታ አስነስቶ ለሚተኛ ሰው ይሄ ሕይወት አዳኝ ነው።

እውነቱን_ልናገር

እኔ ለንደን ነኝ። ልጅቷን ተስፋ ማስቆረጥ አልፈልግም፤ ግን የሙያውን ሌላ ገጽታም ማወቅ አለባት።

በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. "ላይፍ ኦፍ ፓይ" በቪዥዋል ኢፌክትስ ኦስካር አገኘ። ነብሩን የሠራው ሪዝም ኤንድ ሂዩስ ግን ከሽልማቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ገብቶ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ መድረክ ላይ ስለ ኩባንያው ችግር መናገር ሲጀምር ሙዚቃ ለቀው አቋረጡት። ከአዳራሹ ውጭ ሠራተኞች ሰልፍ ላይ ነበሩ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2025፣ ቴክኒከለር የሚባለው ትልቅ የኢፌክት ኩባንያ ወደቀ። ኤምፒሲም የእሱ ነበር። "ዘ ጀንግል ቡክ" እና "1917" ኦስካር ያገኙበት ስቱዲዮ ነው ኤምፒሲ! በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሥራ ፈታ። ጓደኞቼ አሉበት፤ ከቤት ኪራያቸው ጋር የሚታገሉ የልጆች አባቶች።

ምክንያቱ የጥራት ጉድለት አይደለም። ቪኤፍኤክስ ድርጅት ሥራ የሚወስደው በተቆረጠ ዋጋ ተጫርቶ ነው። ዳይሬክተሩ ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ትርፉ ይቀልጣል። መንግሥታት ደግሞ ፊልም ለመሳብ የግብር ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ሥራው ቅናሹን ተከትሎ ከከተማ ከተማ ይዞራል። ሎስ አንጀለስ የነበረው ቫንኩቨር፣ ሞንትሪያልና ለንደን ሄደ፤ ሮቶውና ክሊንአፑ (ከምስሉ ላይ የማይፈለገውን ማጥፋቱ) ሕንድ ገባ። ሰውም አብሮ ይዞራል። በ2023 እ.ኤ.አ. የጸሐፊዎችና የተዋንያን አድማ ሲመጣ ቀረጻ ቆመ። እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከቀረጻ በኋላ ስለሆነ ችግሩ ዘግይቶ መጣ፣ ዘግይቶም ሄደ።

ኮምፕ_ቶሮንቶ

ያልከው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም ኮንትራቴ በየጊዜው እያለቀ ነው የኖርኩት። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግን "ተዉት" የሚል አይደለም። ለትምህርት ብላችሁ ዕዳ አትግቡ ነው የምለው። ውጭ ያሉ የቪኤፍኤክስ ትምህርት ቤቶች ክፍያ ከባድ ነው። ቤተሰብ ቤት ሸጦ ልጁን ይልካል፤ ልጁ ሲመረቅ ገበያው ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል። የቪዛና የሥራ ፈቃድ ሕጉም ይለዋወጣል። የነፃ ትምህርት ዕድል ካገኘሽ ሂጂ፣ ዓይንሽን አትሺ። በብድር ከሆነ ግን መጀመሪያ እዚያው ሪልሽን ሥሪ። ቅጥር ላይ ሪሉ ነው የሚታየው፤ ዲፕሎማው ለቪዛ ይጠቅም ይሆናል።

ደግሞም ሠራተኛው ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. የማርቭል የቪኤፍኤክስ ሠራተኞች ማኅበር ለመመሥረት ያለ አንድ ተቃውሞ ድምፅ ሰጡ። ቀላል ነገር አይደለም።

ጀማሪ_ከአዳማ

እኔ ደግሞ የምፈራው ኤአይን ነው። ሁሉም በሮቶ ጀምሩ ይላል። ሮቶን ማሽን ከሠራው እኛ በየት በር እንገባለን?

ኮምፕ_ቶሮንቶ

ጥያቄህ ተገቢ ነው። ኑክ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮፒካት የሚባል ራሱ የሚማር ኖድ አለው። ሪዞልቭም የሚከፈልበት እትም ላይ ማጂክ ማስክ አለው። ቀላሉን ሮቶ ይሠራሉ፤ የመግቢያው በር በእርግጥ ጠቧል። ግን ውጤታቸው ከፍሬም ፍሬም ይንቀጠቀጣል፣ ፀጉርና የደበዘዘ እጅ ላይ ይስታል። ያንን አይቶ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል፤ ለማስተካከል ደግሞ በእጅ ማወቅ ግድ ነው።

በእጅ ስትሠራ ሰውዬውን በአንድ ቅርጽ እንዳትከብበው። ክንዱን ከላይ፣ ከክርን በታች፣ መዳፉን፣ ጭንቅላቱን ለየብቻ ቁረጥ። ኪይፍሬም (ቅርጹን በእጅ የምታስተካክልበት ነጥብ) በየፍሬሙ አታስቀምጥ። እንቅስቃሴው አቅጣጫ የሚቀይርበት ቦታ ላይ አስቀምጥ፣ ከዚያ መሃሉን እየሞላህ ሂድ። በየፍሬሙ ካደረግክ ጠርዙ ይፈላል።

የሞንታዥ_ሰው

ልጆች፣ ስለ ሆሊውድ ብቻ ስታወሩ አላስችል ብሎኝ ነው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ነው ስቆርጥ የኖርኩት።

የእኛ ፊልም ሰሪ "እሱን በኤዲቲንግ እናስተካክለዋለን" ሲል ትሰማላችሁ። ያቺ ንግግር ናት ሥራውን የምትገድለው። አረንጓዴው ጨርቅ ተጨማዶ ይሰቀላል፤ ተዋናዩ ተጠግቶ ይቆማል፤ አረንጓዴው ብርሃን ትከሻውና ፀጉሩ ላይ ያርፋል። ከዚያ ኤዲተሩ ፀጉሩን ሲያወጣ ሌሊቱ ይነጋል። ጨርቁ ይወጠር፣ መብራቱ ለጨርቁ ለብቻ ይሰጥ፣ ተዋናዩ ከጨርቁ ፈቀቅ ይበል። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቀረጻው ቦታ ላይ የሚናገር ሰው ነው የሚጠይቀው። ኢፌክቱን የሚሠራው ሰው ቀረጻ ላይ ይገኝ! ግራጫ ኳስና የሚያብረቀርቅ ኳስ ይዞ ብርሃኑን ይቅረጽ፣ ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይመዝግብ፣ የካሜራውን ከፍታ ይለካ። ልጄ ፒክስል፣ ሙያሽን እዚህ ጀምሪ። ፊልም ሰሪዎቻችን ገና ያልለመዱት ይሄንን ነው።

ደግሞ ሥራ የለም እንዳትሉኝ። ሰው የ1966ቱን አብዮት ፊልም ልሥራ ቢል የት ይቀርጻል? ዲሽ የሌለበት ጣሪያ፣ ሽቦ የሌለበት ሰማይ፣ የመስታወት ፎቅ የማይታይበት አድማስ የት አለ? ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. ብዙው ፈርሷል። ያ ሰፈር ፊልም ላይ ሊመለስ የሚችለው በእናንተ ሙያ ነው። አሮጌ ፎቶ ሰብስቡ፣ የቀሩትን ሕንፃዎች በስልካችሁ ከየማዕዘኑ አንሱ፣ በረንዳውን፣ የመስኮቱን መዝጊያ፣ የቆርቆሮውን ዝገት ያዙ። ነገ ሞዴል የምትሠሩበት ማጣቀሻ እሱ ነው። ይሄን ሳስብ ያንገበግበኛል።

አቅም የለንም ለሚል፦ በ2024 እ.ኤ.አ. የቪዥዋል ኢፌክትስ ኦስካር የወሰደው የጃፓኑ "ጎድዚላ ማይነስ ዋን" ነው። 610 ሾት በ35 አርቲስቶች። ዳይሬክተሩ ራሱ የኢፌክት ሱፐርቫይዘር ነበር። የሚወስነው ሰው ከሠራተኞቹ ጋር ስለሆነ ውሳኔ አይጓተትም፣ የተሠራ አይጣልም። ከእኛ ምን እንደሚጎድል ይሄ ይነግራችኋል።

ፒክስል_ከሰሚት

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጻፉትን አንብቤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። የጎረቤታችንን የቆርቆሮ ጣሪያ በስልክ ቀርጬ ዲሹንና የመብራት ሽቦውን አጥፍቻለሁ። አምስት ሰከንድ ነው። ከታች ለጥፌዋለሁ፤ ሳትሳሱ ንገሩኝ። የሆነ ነገር ልክ አይደለም፣ ግን ምን እንደሆነ አልያዝኩትም።

ፓይተን_ቫንኩቨር

ሾቱን ለኮምፖዚተሮቹ ልተወውና የቀረ ጥያቄ ልመልስ፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ የውጭ ሥራ ስላለው።

ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በቀጥታ መቀበል ይከብዳል። ምክንያቱ ችሎታ አይደለም። ያልወጣ ፊልም ምስል እንዳያመልጥ ጥብቅ የደህንነት መስፈርት አለ፤ የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች ማኅበር ቲፒኤን በሚባል ፕሮግራም ድርጅቶችን ያስመረምራል። ቤት ያለ ላፕቶፕ ያንን አያልፍም። ከቤት የሚሠሩትም ቢሆኑ ፋይሉ እነሱ ጋር የለም፤ ኮምፒውተሩ ስቱዲዮው ውስጥ ተቀምጦ እነሱ ስክሪኑን ብቻ በኔትወርክ ያያሉ። ለዚያ ደግሞ የማይቆራረጥ መስመር ይፈልጋል።

ክፍት የሆነው አጫጭር ፊልም፣ በዝቅተኛ በጀት የሚሠራ ገለልተኛ ፊልም፣ ክሊፕና ማስታወቂያ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ የእኛ ልጆች የሚሠሯቸው ፊልሞችም አሉ፤ ክሊንአፕ የሚሠራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ስትዋዋዪ የማሻሻያ ዙሩን ቁጥር ጻፊ፣ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቂ፣ ክፍያው በባንክ በስዊፍት እንደሚላክ ቀድማችሁ ተስማሙ። የአሜሪካ ደንበኛ ደብሊው-ኤይት ቤን የሚባል ቅጽ ቢልክልሽ አትደንግጪ፤ አሜሪካዊ አለመሆንሽንና ለግብር የየት አገር ነዋሪ እንደሆንሽ የምታሳውቂበት ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታልፊው። ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሻለሁ ብለሻል። ይሄ ወርቅ ነው! ስቱዲዮ ውስጥ ፓይፕላይን የሚባል ክፍል አለ። አርቲስቶቹ የሚጠቀሙበትን መሣሪያ የሚጽፉ፣ ፋይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሥርዓት እንዲሄድ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው። ቋንቋው ፓይተን ነው፣ ኮምፒውተሮቹ በአብዛኛው ሊኑክስ ናቸው። ፒክሳር በ2016 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀውን ዩኤስዲ (የ3ዲ ትዕይንት ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚተላለፍበት ፎርማት) ማወቅ በጣም ይፈለጋል፤ ሰነዱ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ የሾት አርቲስት ይቀነሳል፤ ፓይፕላይን ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይቆያል። እኔ የገባሁት በዚህ በር ነው። ለኑክ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ጻፊና ኮዱን ከሪልሽ ጋር አያይዢ። ሾትም የሚገባው ኮድም የሚጽፍ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ኮምፕ_ቶሮንቶ

ሾቱን ደጋግሜ አየሁት። ሽቦው ጥሩ ሄዷል፣ ጎበዝ። ልክ አይደለም ያልሽው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ሰማዩ ላይ የለጠፍሽው ቁራጭ ቆሟል። በዙሪያው ግሬኑ በየፍሬሙ ይርመሰመሳል፣ ያቺ ቦታ ላይ ግን ጸጥ ይላል። ከአንድ ፍሬም ቆርጠሽ ለጥፈሽ ነው። መጀመሪያ ፕሌቱን ዲኖይዝ አድርጊ (ግሬኑን አጥሪ)፣ ማጥፋቱን በጸዳው ላይ ሥሪ፣ መጨረሻ ላይ የዋናውን ቀረጻ ግሬን መልሺበት።

ሁለተኛ፣ ዲሹ ጠፍቷል፣ ጥላው ግን ቆርቆሮው ላይ አለ! ወደ ግራ፣ ከጣሪያው ጠርዝ አጠገብ እዪ። ዓይን ሳያውቅ የሚረበሸው በእሱ ነው። ለማጥፋት ከጎን ካለው ቆርቆሮ ውሰጂ፣ የሞገዱ መስመር ግን ከመስመር ጋር ይግጠም። በግማሽ ሞገድ ከሳትሽ ጣሪያው የተሰበረ ይመስላል።

ሦስተኛው ከቀረጻው የመጣ ነው። ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን ራሱ ይቀያይራል፣ ብርሃኑንም ራሱ ያስተካክላል። ትራክሽ (የካሜራውን እንቅስቃሴ መከታተያው) መሃል ላይ የሚዘለው ለዚህ ነው። ኤክስፖዠርና ፎከስ ቆልፈሽ ቅረጪ፤ ከዚያ መጀመሪያ ወደ ቋሚ 24 ፍሬም ቀይረሽ በምስል ተከታታይ አውጪው። ቁጥሩን ከ1001 ጀምሪ፤ ብዙ ስቱዲዮ ውስጥ ሾት የሚጀምረው ከዚያ ነው፣ ከአሁኑ ልመጂው። ከፊትና ከኋላም ስምንት ስምንት ፍሬም ትርፍ አስቀሪ፣ ኤዲተሩ ሾቱን ማስረዘም ቢፈልግ እንዲኖረው።

ጥላውን ስትጨርሺ ዋናውን ፕሌትና የመጨረሻውን ጎን ለጎን አድርገሽ ለጥፊልኝ። በቪዲዮ አይሁን፣ መጭመቁ ግሬኑን ይበላዋል። አሥር ያህል ፍሬም በፒኤንጂ ይበቃኛል።